ባለ ነጭ ሸሚዞቹና የቦኖው ውሸቴ

ልጅ ሳለሁ፣ በእኛ ቤት ውሸት የሚነገረው በፈቃድ ነበር። አያቴ አባባ ይማም ማታ ማታ፣ መግሪብ ተሰግዶ እራት ከተበላ በኋላ፣ የቀርከሃ አግዳሚያቸው ላይ ይቀመጡና የበቆሎ እሸት ፍሙ ላይ እያገላበጡ ዝም ይላሉ። የሰፈሩ ልጆች ያቺን ዝምታ እናውቃታለን። ኩራዙ ይንቦገቦጋል፤ እሳቱ ውስጥ የገባ እርጥብ ቀርከሃ ጧ ሲል እንደነግጣለን፤ ጭሱ ያስለቅሰናል፤ የሚነሳ ግን የለም። ከዚያ ድንገት ቀና ብለው «ውሸት ልንገራችሁ?» ይላሉ። እኛም ጣሪያው እስኪነሳ፣ ባንድ ድምፅ «ይንገሩን፣ አናምንዎትም!» እንላለን። ይህ ሳይባል ያቺ ጥላዋ የጠፋባት ጅባቸው እንኳ ከአፋቸው አትወጣም ነበር። ሌሎች ተረት አዋቂዎች የየራሳቸው መክፈቻ አላቸው፤ ይቺ ግን የእሳቸው ብቻ ነበረች፤ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ሲመጡ መንገድ ላይ ያልጠፋቸው ንብረት እሷ ብቻ እንደሆነች ይነግሩን ነበር።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባባ ማታ ያወሩትን ቃል በቃል ለቅሜ ጠዋት ለጓደኞቼ እደግመው ነበር፤ አንዳንዴም ጨምሬበት። ልኩራራና፣ የኔ ጭማሪ ከዋናው የሚጥምበት ቀን ነበር። አባባ ይህን ያውቁታል። «የዘሃራ ምላስ እግር አለው» ይሏት ነበር እናቴን ስለ እኔ፣ እየሳቁ፣ ትንሽም እየፈሩ።

ሁለቱ ወጣቶች ወደ ከተማችን የመጡት በዚያ ዓመት ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ክራቫት፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ጥቁር ባጅ። በዚያ የአሶሳ ሙቀት ክራቫት! አንደኛው አሜሪካዊ ነው፤ ረጅም፣ አንገቱ ፀሐይ በልታው እንደ በርበሬ የቀላ። ሌላው ከኡጋንዳ የመጣ፣ አጠር ያለ፣ ሳቁ ከርቀት የሚሰማ። ሞርሞን የሚባለው ሃይማኖት ሰባኪዎች ነበሩ፤ ለሁለት ዓመት ከአገራቸው ርቀው እንዲያገለግሉ የተላኩ። ባጁ ላይ ከስማቸው በፊት ያለው ማዕረግ «ሽማግሌ» ማለት እንደሆነ ለአባባ ሲነግሯቸው አያቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ያረቢ! ጢም ሳያበቅሉ ሽማግሌ! እኔማ እንግዲህ ምን ልባል ነው?»

ከተማው ግን አልሳቀም፤ ጠረጠራቸው። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ከወለጋ የመጣው ጴንጤ፣ ስንት ነገር ላይ የማይገጥሙት ሦስቱ፣ በእነዚህ ልጆች ጉዳይ አንድ ቃል ሆኑ። ሰላይ ናቸው ያለ አለ። ሃይማኖቱ ሽፋን ነው፣ ወርቃችንን ሊያጠኑ ነው ያለም አለ። ሻይም ቡናም እንደማይጠጡ ሲታወቅ ነገሩ ባሰ፤ ሻይ የማይጠጣ ሰው ምን ደብቆ ነው ተባለ። ቤት ያከራየቻቸው እማ ሐዋ ብቻ ከደረቀ አበባ የሚፈላውን ቀይ ከርከዴ አቀረበችላቸው፤ ከርከዴው ከሃይማኖታቸው ጋር ስላልተጣላ ብርጭቆውን ገለበጡት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠበቃቸው ሆነች። እማ ሐዋ የአገሬው ተወላጅ፣ ቤርታ ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ ፍርዷ ግን ይለያል። «ይሄ ልጆች ሌላ ቤት የለውም፣ የኔ ልጅ ነው፣ ኸላስ!» ትል ነበር።

እኛን ልጆቹን ያስገረመን አለመለያየታቸው ነበር። አንዱ ሱቅ ሲገባ ሌላው ይከተላል። አንዱ ሽንት ቤት ሲገባ ሌላው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ወደየአገራቸው እስኪመለሱ አንዱ ከሌላው ዓይን እንዳይርቅ ሕጋቸው ነው አሉ። ትልልቆቹ «እርስ በርስ እየተሰላለሉ ነው» ብለው ተረጎሙት።

አንድ ምሽት በደጃችን ሲያልፉ አባባ ጠሯቸው። «ሃይማኖት አለኝ፣ አትድከሙ። ጨዋታ የምትወዱ ከሆነ ግን ግቡ» አሏቸው። ገቡ። ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ከእኛ ጋር ተጨናንቀው ይቀመጡ ነበር። የአባባን መክፈቻ ለመመለስ ረጅሙ አንድ ወር ሙሉ ታገለ፤ «አናምንዎትም» ምላሱ ላይ እየተጠመጠመች ስታስቸግረው እኛ በሳቅ መሬት ላይ እንንከባለል ነበር። ኡጋንዳዊው በተራው የአገሩን ጥንቸል አወራልን፤ አባባም «ይቺን ጥንቸል ወሎ ሳለሁ አውቃታለሁ፣ እግሯ ረጅም ነው» አሉት። ረጅሙ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ጥቁር ደብተር ነበረችው። የሰማውን አዲስ ቃል ይጽፍባታል፤ የእያንዳንዳችንንም ስም ጠይቆ ጽፎ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የሰፈሩ ውሃ መቅጃ ቦኖ ጋ የጄሪካን ሰልፍ መንገዱን ሞልቶ፣ እኔ መጨረሻ ላይ ቆሜ ነበር። ያኔ ውሃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው፤ ወረፋው ሳይደርስሽ ካለቀ አለቀ። ሁለቱ በዚያ ሲያልፉ ረጅሙ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ እየጠራ ሰላም አለ። «የሁላችንንም ስም እንዴት አወቀው?» አለች ከፊቴ የቆመች ልጅ።

«እኔ አውቃለሁ» አልኩ።

ከዚያማ ማን ያቁመኝ! እነሱ ሁለት ሰዎች አይደሉም፣ አንዲት ነፍስ ለሁለት የተካፈሉ ናቸው አልኩ። ለዚያ ነው የማይለያዩት፤ ከተለያዩ ይሞታሉ። ነፍሲቱ እያለቀችባቸው ስለሆነ ማሟያ ይፈልጋሉ። ረጅሙ በደብተሩ ስሙን የጻፈው ልጅ መጀመሪያ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ቀጥሎ ጥላው ይጠፋል፣ በመጨረሻም... እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ሰልፉ ፈርሶ ከበበኝ። እናቶች ሳይቀሩ ጄሪካናቸውን ጥለው ጠጋ አሉ። የኔን ጄሪካን እጅ ለእጅ ተቀባብለው ፊት አደረሱልኝ፤ ቀድሜ ቀዳሁ። ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል። «ውሸት ልንገራችሁ?» አላልኩም። ብል ኖሮ ማን ጄሪካኔን ያሳልፍልኝ ነበር?

በሦስተኛው ቀን ገመቹ የሚባል ልጅ፣ ስሙ ደብተሯ ላይ ያለ፣ ትኩሳት ያዘው። በዚያ ወቅት አሶሳ ውስጥ የማይተኩሰው ማን አለ? ወባ ነበር። እናቱ ግን ቦኖው ጋ ቆማ ሰምታኛለች። በማግስቱ የኔ ተረት ከተማውን ዞሮ ጨርሶ፣ በጎረቤታችን አፍ ተመልሶ እቤታችን ገባ፤ ሲመለስ አላወቅሁትም፣ እንዲያ አድጎ ነበር። ጎረቤታችን ለአባባ ስትነግራቸው ቃሏን ዛሬም እሰማዋለሁ። «ሐዋ ደጅ ሰው ተሰብስቦ ቆርቆሮዋን በድንጋይ ደበደበው። ነገ ጠዋት ልጆቹን አስወጪ፣ አለዚያ ቤትሽን እናቃጥላለን አሏት። ሌላ ማን ያከራያቸዋል? ከከተማው መውጣታቸው ነው።»

ጎረቤታችን እንደወጣች አባባ በቆሎውን ከፍሙ ላይ አነሱት፤ ሳይበሉትም አስቀመጡት።

«ዘሃራ፣ ነይ እስቲ። ይቺ የምትጠፋዋ ጥላ የኔዋ ጅብ ጥላ አይደለችም?»

«ናት።»

«ስትነግሪያቸው ፈቃድ ጠይቀሻል?»

«አልጠየቅሁም።»

አልመቱኝም፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። «ፈቃድ ሳትጠይቂ ሰው ላይ የጫንሽው ውሸት ተረት አይባልም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጠዋት ሄደሽ ትጠይቂያለሽ።»

«ማንን?»

«ሁሉንም።»

ጠዋት እጄን ይዘው ወሰዱኝ። እማ ሐዋ ግቢ ማንጎው ሥር ሰው ሞልቷል። ሁለቱ ወጣቶች ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ነጩ ሸሚዛቸው እንደተተኮሰ ነው። የገመቹ እናት ልጇን በነጠላ ጠቅልላ አዝላው መጥታለች፤ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ወስዶ ትኩሳቱ በረድ ብሎለታል፣ ቁጣዋ ግን አልበረደም። አባባ ሰላምታ ሰጡና «ልጄ የምትለው አላት» ብለው ወደ መሃል ገፋ አደረጉኝ።

ያን ሁሉ ሰው ያሳመነ ምላስ ደረቀብኝ። በመጨረሻ «ውሸት ልንገራችሁ?» አልኩ።

ማንም አልመለሰም። ከየት አምጥተው ይመልሱ! ይህ የእኛ ቤት ወግ ነው፤ ከአዋቂዎቹ አንድም ሰው የአባባ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። አባባን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ፣ ሊረዱኝ አልፈለጉም። «ምን ትላለች ይቺ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ያኔ ከሻንጣዎቹ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ረጅሙ ነበር። ለኔ፣ ለአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ፣ ለአያቴ በሚመልሰው አክብሮት «ይንገሩን፣ አናምንዎትም!» አለኝ፤ ኡጋንዳዊውም ተከተለው። በዚያ ግቢ ውስጥ መልሱን የሰጡኝ እኔ የዋሸሁባቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ማልቀስ ጀመርኩ። እያለቀስኩ ተረቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ነፍሲቱን፣ ደብተሯን፣ ከአባባ ጅብ የወሰድኩትን ጥላ፣ ጄሪካኔ እንዴት ፊት እንደደረሰ ሳይቀር። ጅቧ ላይ ስደርስ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ሌላው ተቀበላት። የገመቹ እናት አልሳቀችም። «ደብተሩን አሳየኝ» አለችው ረጅሙን። ገልጦ አነበበላት፦ «ገመቹ። ኳስ ይወዳል። ታናሽ እህት አለችው። ሲያገኙት ስለ እህቱ መጠየቅ።» ሴትዮዋ ልጇን ጀርባዋ ላይ አስተካክላ ሄደች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ድንጋይ የያዙት ግን ተከትለዋት ወጡ።

እማ ሐዋ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ወላሂ ምላስህ ቤት ያቃጥላል!» አለችኝ። ከዚያ ሻንጣዎቹን ራሷ አንስታ ወደ ቤት አስገባችና ከርከዴ ልታፈላ ሄደች።

ልጆቹ የተመደበላቸውን ጊዜ ጨርሰው ሄዱ። ወደ ሃይማኖታቸው የገባ ሰው ከሰፈራችን አላውቅም፤ አባባም «አብሽሩ፣ መንገዳችሁ ይቅና» ብለው መርቀው ሸኟቸው እንጂ ከሶላታቸው ንቅንቅ አላሉም። እኔ ዛሬ እዚሁ አሶሳ አስተማሪ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በክልላችን፣ እገሌ እንዲህ ሊያደርግ ነው የሚል ወሬ ሰውን ከቀየው ሲነቅል አይቻለሁ። ድንጋይ ከያዙት ውስጥ ክፉ የምለው ሰው አልነበረም፤ ለጄሪካን ወረፋ ብላ የዋሸች ልጅ ብቻ ነበረች። ተማሪዎቼ «እንዲህ ተባለ» ብለው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ያወራው ሰው ፈቃድ ጠይቆ እንደሆነ ነው። ይስቁብኛል፤ ግን ይገባቸዋል።

አባባ ባለፈው ዓመት አረፉ። ወሬው በእማ ሐዋ ልጅ በኩል ለረጅሙ ደርሶት ኖሮ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። አሁን የልጆች አባት ነው፤ አማርኛው ተሰባብሯል። «አላህ ያጽናሽ» አለ እየተደናቀፈ፤ ቀጥሎም ልጆቹ የአባባን ጅብ ከእኔ አፍ መስማት እንደሚፈልጉ ነገረኝ። ጅቧ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። እኔ ግን «ውሸት ልንገራችሁ?» ብቻ ብዬ ላክሁና ስልኩን አስቀምጬ ጠበቅሁ። እሱ ያለበት አገር ሌሊት ነበር። መልሱ የመጣው በማግስቱ ነው፤ ሁለት ሕፃናት ባንድ ድምፅ ሲጮሁ ሰማሁ፣ ያኔ ጀመርኩላቸው።