«አትጠብቁኝ»

ባለቤቴ የሻንጣውን ዚፕ ሲስብ ድምፁ ልጅነቴን አመጣብኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምንኖረው ባሕር ማዶ፣ ኬንሲንግተን የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አጎቴ ከደሴ ደውሎ አያቴ ወደ አኼራ መሄዷን ለአባቴ ነግሮታል። አባዬ ስልኩን በትከሻው ይዞ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ይወረውራል። እናቴ በሌላ ስልክ ትኬት ቢሮ ትጠይቃለች።

«በዱባይ በኩል አዲስ አበባ ለመግባት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከዚያ ደግሞ የደሴ መንገድ አለ።»

የአባዬ እጅ ቆመ። አጎቴ «እንጠብቅህ ወይስ እንቅበር?» ሲለው እኔ ድረስ ይሰማል።

«አትጠብቁኝ፣ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ለእኔ ብላችሁ እማዬን አታቆዩብኝ።»

እኔ የያዝኩት «አትጠብቁኝ» የሚለውን ብቻ ነበር። እኛን ጥሎ የሚሄድ መስሎኝ እግሩ ላይ ተጠምጥሜ «ዶንት ጎ፣ አባዬ!» እያልኩ ጮህኩ። ብድግ አድርጎ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘኝ። ሄደ፤ ተመልሶም መጣ። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አላወራም።

አሁን የባለቤቴ እናት አዲስ አበባ ታመዋል። ትናንት «ሻል ይላቸው ይሆናል፤ እስከ ዒድ ጠብቄ ብሄድስ?» ሲለኝ አልተከራከርኩትም። የዛሬውን በረራ ቡክ አደረግሁለት።