የአሥር አለቃ አንዳርጌ ላባ

አሥር አለቃ አንዳርጌ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ሕመማቸው አጭር ነበር። ረቡዕ ቀብራቸው ላይ የነበራችሁም፣ ሳትሰሙ የቀራችሁም፣ እኚህን ሰው በሥራቸው ታውቋቸዋላችሁ። ይህን የምጽፈው ስለ ሥራቸው ከምታውቁት ውስጥ አንዱ ነገር ስህተት ስለሆነ ነው።

በሠራዊቱ ውስጥ የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ደጃፋቸው ላይ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ሥራቸውን ቀጠሉ። ፈቃዱን ያላሳየ ሰው ጠመንጃውን ከትከሻው እንዲያወርድ እንኳ አይፈቅዱለትም ነበር። እኔ እሳቸው ዘንድ የገባሁት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ሚስትም አግብቼ፣ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጥረጊያ እንጂ መፍቻ አላስያዙኝም።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠነቀቁት ለአንዲት ቁራጭ ብረት ነበር፤ ጭስ መቀበያ እንላታለን። ክላሽ ሲተኮስ የባሩዱ ጭስ በርሜሉ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል፤ ይህቺ ቁራጭ ተቀብላ ወደ ኋላ ትሰደዋለች፤ ጠመንጃው ቀጣዩን ጥይት የሚጎርሰው በዚያ ግፊት ነው። የበርሜሉና የቁራጯ ቀዳዳ ካልተገናኙ አንዴ ይተኩስና ዝም ይላል። ስለዚህ አሥር አለቃ ገጥመው ሲጨርሱ በርሜሉን በጠረጴዛው ማጥበቂያ፣ በሞርሳ ያስሩና የኋላ አፉን በአውራ ጣታቸው ይደፍናሉ፤ ከፊት እየነፉም ጭሱ በሚወጣበት በኩል የዶሮ ላባ ይይዛሉ። ላባው ቀጥ ብሎ ካልተነሣ ሥራው አላለቀም። «ለዐይን ብለህ አትግጠም፤ ዐይን የሚወደው ሌላ፣ ትንፋሽ የሚያልፍበት ሌላ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን አሥር አለቃ አማኑኤል ከተማ ለቅሶ ሄደው ሳሉ ጋሽ ምናሉ መጡ። ዲማ አጠገብ ያለች የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ጥበቃ ናቸው። የጠመንጃቸው ጭስ መቀበያ ተሰንጥቆ ነበርና ትተውት ሄዱ። ከሌላ ጠመንጃ የተፈታች አግኝቼ ገጠምሁላቸው። በርሜሉ ላይ ካለው እርከን ጋር ክፍተት ሳይኖራት ልጥፍ ስትል አየኋትና ደስ አለችኝ። እውነተኛው ቦታዋ ግን የጥፍር ውፍረት ያህል ወደ ፊት ነበር። ላባውን ከመስኮቱ ጠርዝ አላነሣሁትም። የሽማግሌ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ምናሉም በማግስቱ መጥተው ሲወስዱት ማን እንደገጠመው አልጠየቁም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በቀትር፣ ሌቦች የቤተ ክርስቲያኒቱን ከብቶች ከመስኩ ሊነዱ መጡ። ጋሽ ምናሉ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮሱ፤ ሁለተኛው እምቢ አለ። መቀባበያውን ሲታገሉ አንደኛው ሌባ በዱላ ጉልበታቸውን ሰበረው። ከብቶቹ ሄዱ። ጋሽ ምናሉም እስከ ዛሬ ያነክሳሉ።

ነገሩን ሊያዩ ሽማግሎች ሲጠሩን አሥር አለቃ አስቀድመው ጠመንጃውን ፈትተው አይተውታል፤ የማን እጅ እንደሆነም ያውቃሉ። ማን እንደገጠመው ተጠየቀ። አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ። «ከእኔ ቤት የወጣ ብረት ነው። የገጠምሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ስንመለስ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። «እኔ በስሜ ኖሬበታለሁ፤ አንተ ገና መግባትህ ነው» ብለው ያንን ጠመንጃ አሥር ጊዜ አስፈቱኝ፣ አሥር ጊዜ አስገጠሙኝ፤ በየጊዜውም በላባው አስፈተሹኝ። አፍሬ ነበር። ከእፍረቴ ግን እፎይታዬ ይበልጥ ነበርና ዝም አልሁ።

ከዚያ በኋላ አሥር አለቃ ዐይናቸው ደክሟል የሚለው ወሬ ከይጁቤ እስከ አማኑኤል ተዳረሰ። ጠመንጃው ሁሉ ወደ እኔ መጣ፤ የራሴን ቤት ከፈትሁ። እሳቸው ለካህናቱ ጸናጽል መጠገን ጀመሩ፤ ያለ መነጽር ቀጭን ሽቦ በቀጭን ቀዳዳ ሲያስገቡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከአንድም ቄስ ምንም አይቀበሉም ነበር። ሥራ ሲከብድብኝ እሳቸው ዘንድ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ አንድም ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም።

ከቀብሩ ማግስት ዲማ ወርጄ ለጋሽ ምናሉ እውነቱን ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በደጃቸው ሳልፍ ሰላም አላልኋቸውም» አሉ።

አሥር አለቃ፣ ዐይንዎ አልደከመም ነበር። በሕይወት ሳሉ ማለት የነበረብኝን ይኸው አሁን ለሁሉም ጻፍሁት፤ መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ። ላባዎ እኔ ዘንድ ነው፤ ሳልፈትሽበት ከእጄ የሚወጣ ብረት የለም። ጋሽ ምናሉም ትናንት ጠዋት እያነከሱ መቃብርዎ ድረስ መጥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና «እንደምን አደሩ፣ አሥር አለቃ» ብለውዎታል። ሰላምታቸውን ይቀበሏቸው።