የግራ እግር ጉዳይ

ልጆችን ሚዛን መጠበቅ የምታስተምረው መምህርት ራሷ ሚዛን የላትም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ላገኘችው ሰው ሁሉ የምታወራው እሷው ናት። ደረጃ ስትወርድ መደገፊያውን የሙጥኝ ትላለች፣ ካልሲ ለማጥለቅ ግድግዳ ያስፈልጋታል፣ መንገድ ላይ አንድ ጠጠር ካለ እሷን ሳያገኝ አይቀርም። ባልደረቦቿ "እትዬ ሚዛን" ብለው ስም ሲያወጡላት ቀድማ የሳቀችውም እሷ ናት። "ምነው፣ ራሰ በራ ፀጉር አስተካካይ የለም እንዴ?" ብላ ዘጋቻቸው።

የምታሠራበት ክፍል ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለች፣ ድሮ የተሰበረ ወንበር ይታጎርባት የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል፣ አጠገቡ የሚወዛወዝ ሳንቃ አለ፣ ከጣሪያው ኳስ በገመድ ተንጠልጥሏል። ፊደል የሚምታታባቸው፣ ቁጥር የሚገለበጥባቸው ልጆች እዚህ መጥተው በአንድ እግር ይቆማሉ፣ በአሸዋ የተሞሉ ትናንሽ ከረጢቶች ይወራወራሉ፣ ቀኝ ጉልበታቸውን በግራ እጃቸው ይነካሉ። ለወላጆች ስታስረዳማ ማን ይቻላታል። ስለ አእምሮ ግራና ቀኝ፣ በመሃላቸው ስላለው ድልድይ ትተነትናለች። ከሥልጠና የቃረመችው ነው፤ ግማሹን አዳራሹ ውስጥ እንቅልፍ ስለወሰዳት ከራሷ ሞልታዋለች።

ዘንድሮ ግን አንዲት የሹፌር ልጅ ጉድ አፈላችባት። ልጅቷ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ብቻ የሚናገር። ቀኝ እግርሽን አንሺ ስትባል ታነሳለች። "ግራ" የተባለች እንደሆነ ግን ድርቅ ትላለች፤ ግራ እጇንም ከጀርባዋ ትደብቃለች። መምህርቷ በየሳምንቱ አዲስ ምክንያት ትወልዳለች። መጀመሪያ የጆሮ ነው አለች፣ ቀጥላ የዓይን፣ በመጨረሻም የዚያ የድልድይ ነገር ነው ብላ አረፈችው። ልጅቷን ከሁሉም አስበልጣ ትወዳታለች፤ ስላልገባቻትም ትናደዳለች፣ በልጅቷ ሳይሆን በራሷ።

አንድ ዓርብ አባትየው ከሥራ መልስ የመኪና ቁልፉን እያሽከረከረ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ደክሞታል።

"መምህርት፣ አይቀየሙኝ። ያመጣኋት ማንበብ እንድትችል ነው እንጂ ገመድ ላይ እንድትሄድ አይደለም። ይኸው ምንም ለውጥ የለም። ከሰኞ ጀምሮ ትቀራለች።"

ልጅቷ ከዚህ ከቀረች ሌላ የሚቀበላት ቦታ የለም፤ ክፍል ውስጥ ጥግ ተቀምጣ መሳቂያ ትሆናለች። ስለዚህ መምህርቷ ያንን የድልድይ ንግግሯን ጀመረች። ንግግሩ ብቻውን አልበቃ ቢላት ለማሳየት ሳንቃው ላይ ወጣች። ማን ውጪ እንዳላት እንጃ። ሳንቃው አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ አላትና ፍራሹ ላይ በቂጧ ዘጭ አለች። ንግግሩም ከዚያው ጋር ጠፋት።

"ኧረ እኔ ራሴም ግራ ገባኝ" አለች፣ እንደተቀመጠች።

ልጅቷ ጥግ ከቆመችበት መጥታ ተጠጋቻትና በለሆሳስ "ቲቸር፣ አንቺም ገብቶብሻል?" አለቻት።

"ምኑ?"

"ግራ። በየት በኩል ነው የገባብሽ? እኔ በእጄ ነው መሰለኝ። ካንቀሳቀስኩት ወደ ጭንቅላቴ ይወጣል።"

"ማነው እንደዚያ ያለሽ?"

ልጅቷ አባቷን አየችው። "አባዬ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ። 'ይቺ ልጅ ግራ ገብቷታል' አላት። እማዬም አለቀሰች።"

መምህርቷ እፍረት አናቷ ላይ ወጣባት። ስንት ድልድይ ስትሠራና ስታፈርስ የከረመችው ለዚህ ነው። ኳስ ሲጠፋት፣ ጫማ ሲጠባት፣ የልጆቹ ቁጥር ሲሳሳትባት ቀኑን ሙሉ "ግራ ገባኝ" የምትለውስ እሷ አይደለች? ልጅቷ ይህን ሁሉ ጊዜ ፊቷ ቆማ ስትሰማ ነበር።

አባትየው ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ልጁ ፊት ቁጢጥ ብሎ ያቺን የተደበቀች እጅ ከጀርባዋ ቀስ አድርጎ አወጣና በሁለት እጁ ያዛት።

"የኔ ልጅ፣ እንደሱ የሚባለው እኮ ሰው የሚያደርገው ሲጠፋው ነው። አንቺ ውስጥ ምንም አልገባም። ግራ የገባኝ እኔ ነኝ።"

ልጅቷ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ በነጻ እጇ ግንባሩን ዳበሰችው፣ ትኩሳት እንዳለበት ሰው።

"ይወጣልሃል?"

ሹፌሩ እጇን ሳይለቅ ወደ ፍራሹ ዞሮ "መምህርት፣ ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምንመጣው?" አለ።

መምህርቷ ሰዓቱን ትነግረው ነበር፤ ግን እያለቀሰች ነው።