ከገበር ስር የተጻፉ ቃላት

ሰፈሩ ጋሽ ሜትር ይላቸዋል። ሜትሩ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅማ! ለቅሶ ቤት ሳይቀር አንጠልጥለውት ገብተው፣ ሟቹን ሊለኩ የመጡ የመሰላቸው ሰዎች ክው ብለው ቀርተዋል ይባላል።

ሱቃቸው ከአንድ ሕንጻ ደረጃ ስር የተሸጎጠች ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ መስታወት፤ ደንበኛ ልለካ ካለ እሳቸው ጎንበስ ብለው ደጅ መውጣት አለባቸው። በዚያች መኪና ነው ልጃቸውን ከአንደኛ ክፍል እስከ ኢንጂነርነት ያደረሱት። ሚስታቸው ልጁን ጥላባቸው ሞታ፣ እናትም አባትም ሆነው አሳደጉት። አደገ፣ አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። እሰየው ነው። ነገሩ የተበላሸው ሕፃኗ አፍ የፈታች ጊዜ ነው።

ምራታቸው ቁርጥ ያለ ሕግ አወጣች። በልጅቷ ፊት ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይነገርም። ሁለት ቋንቋ ልጅ ያምታታል አሉ ተባለ፤ ማን እንዳለ እግዜር ይወቀው። ባልና ሚስቱ ከጠዋት እስከ ማታ እንግሊዝኛውን ያንበለብሉታል፣ የቤት ሠራተኛዋ ልጅቷ ብቅ ስትል አፏን ትይዛለች። ጋሽ ሜትር አንድ ቅዳሜ በእጃቸው የሰፉትን ቀሚስ ይዘው ሄዱና «ነይ እስቲ የኔ እመቤት» ከማለታቸው፣ ምራት ፈገግ እንዳለች ልጅቷን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት።

«አባባ፣ አይቀየሙኝ፤ ልጅቷን ግራ እያጋቧት ነው። እንግሊዝኛውን ሲችሉ ይመጣሉ» አለቻቸው፣ ሻይ እየቀዳችላቸው። ልጅ ተብዬው ከስልኩ ቀና አላለም። እኔ ብሆን ብርጭቆውን እዚያው ደፍቼው እወጣ ነበር። እሳቸው ግን ጠጡት፣ አመስግነውም ወጡ።

ያችን ልጅ ማቀፍ ነው የፈለጉት፤ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ሌላ የሚመኙት ነገር አልነበረም። እንግሊዝኛ ነው መግቢያው? እንግዲያው እንግሊዝኛ ይማራሉ። ከመንገድ ዳር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ገዙ። ይህ ብዕር ነው፣ ያ ወንበር ነው ትላለች። ወር ሙሉ ብዕርና ወንበር ሲሉ ከርመው፣ ዚፕ ልታስቀይር የመጣች የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሰማቻቸውና ሳቀች። ምክንያቱን ሲነግሯት ሳቋ ጠፋ። ለአምስት ዓመት ልጅ ወንበር ነው ቢሏት ምን ይረባታል፣ ልጅ የምትወደው ነፍስ ያለውን ቃል ነው አለቻቸው። ትልቅ ለማለት ቢግ ብሎ መገላገል ይቻላል፤ ጃይጋንቲክ ሲሏት ግን ዓይኗ ይፈጣል። ሃፒ ደስ አለኝ ነው፣ ዲላይትድ ግን ፍንድቅ ማለት። ታየርድ ድክም፣ ኤግዞስትድ ዝልፍልፍ። ጋሽ ሜትር ይህን ሲሰሙ አጨበጨቡ። ለካስ ፈረንጅም እንደኛ ዝልፍልፍ ይላል!

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዋ በመጣች ቁጥር አንድ እፍኝ ቃል ጥላላቸው ትሄዳለች። እሳቸው ደግሞ አጠናናቸው የልብስ ሰፊ ነው። የቀኑን ቃል በደረቀ ሳሙና ቁራጭ፣ በራሳችን ፊደል፣ ከሚሰፉት ኮት ገበር ውስጠኛው ፊት ላይ ይጽፉታል። ገበሩ ተገጥሞ እስኪዘጋ ድረስ ቃሉን ካልያዙት ስፌቱን ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። ከተማው ሳያውቀው እንግሊዝኛ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ይዞር ጀመር። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ኮቱ ተተርትሮበት ሌላ ሰፊ ጋ ቢወስደው፣ ከገበሩ ስር «ስክራምሸስ» የሚል ተጽፎ ተገኘ። ድግምት አሠርተውብኛል ብሎ ደረጃው ስር መጥቶ ሰፈሩን አሸበረው። እጅ የሚያስቆረጥም ማለት ነው ብለው ቢያስረዱት ጭራሽ ባሰበት፤ ደንበኝነቱም በዚያው ቀረ።

በዓመቱ ሦስት መቶ ቃል ያዙ። አንድ ቅዳሜ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ልጃቸው ቤት ሄዱ። ምራት በር ላይ በእንግሊዝኛ ብትፈትናቸው መለሱ። ምን ታድርግ፣ አስገባቻቸው። ልጅቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ በእንጨት ጡብ ፎቅ ትሠራለች። አጠገቧ በርከክ ብለው ፎቁን አዩና «ጃይጋንጢቅ» አሏት። መጨረሻዋን ጢቅ አድርገው ነው የሚሰብሯት፤ ምላሳቸው ሌላ አያውቅም። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። ድገመው አለች፣ ደገሙላት። ፎቁን ንዳ ጭናቸው ላይ ወጣች። ጋሽ ሜትር ያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ብቻቸውን ያወሩ ነበር።

አሥር ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ አያቴ መቼ ይመጣል ትላለች። ከዚያ ትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን አዘጋጀ። መድረክ ላይ ወጥታ ስለ ዝሆን ስትናገር፣ ባለ በሌለ ኃይሏ «ጃይጋንጢቅ!» ብላ አዳራሹን አናጋችው። ወላጆች ሳቁ። የልጅቷ የክፍል አስተማሪ ምራትን ጥግ ይዛ፣ ቤት ውስጥ አነጋገሯን የሚያበላሽባት ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ምራት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ልጅቷ ግን ሰው ሲስቅላት አያቷን በዓይኗ ትፈልግ ነበር። እሳቸውን የጠራቸው የለም።

ሰኞ ጠዋት ልጁ ደረጃው ስር መጣ። ቁጭ በል ቢሉት አልተቀመጠም፣ ሱሪው እንዳይቆሽሽበት ነው መሰለኝ። ስለ ጤናቸው ጠየቀ፣ ስለ አየሩ አወራ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሄዶ እንደምንም ተነፈሰው።

«አባዬ፣ መምጣትህን አትተው። ግን በሷ ፊት ዝም ብትልልን። ጉሮሮውን ታሟል ብለን እንነግራታለን።»

«እስከ መቼ?» አሉት።

«አነጋገሯ እስኪጠና ነዋ። ጥቂት ዓመት ቢሆን ነው።»

ጋሽ ሜትር ካውያውን ከሶኬቱ ነቅለው ቆሙ። ዓመት ሙሉ የለፉት ለመናገር ነበር። አሁን የተፈለገባቸው ዝምታ ነው፤ እሱንማ ሳይማሩም ይችሉት ነበር።  እንቢ ቢሉ በሩ እንደሚዘጋ ያውቃሉና እሺ አሉ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጅቷ ሮጣ መጥታ ያችን ቃል በልልኝ አለቻቸው። ጉሮሯቸውን በጣታቸው አሳዩዋት። አዝና ውሃ አመጣችላቸው። በሁለተኛው ቅዳሜ ከቁመቷ የበለጠ ፎቅ ሠርታ ጠበቀቻቸው። እጃቸውን ይዛ እየጎተተች ወስዳ አቆመቻቸውና አፋቸውን አፋቸውን ታያለች። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጣ። ልጁ ከሶፋው ላይ አፍጥጦባቸዋል፤ ያን ቀን ስልኩ ትዝም አላለው። ጋሽ ሜትር ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በእጃቸው አጨበጨቡላት። ልጅቷ ትንሽ ጠብቃ ፎቋን ትታው ሄደች።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ሰዓት ያህል ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ሥዕል ስትስል ቆይታ ድንገት ተነስታ ፊታቸው ቆመች። ክፋት የላትም፣ ደግ ልጅ ናት። በዚያ በተጠበቀላት እንግሊዝኛዋ፣ ለበሽተኛ እንደሚነገር ቀስ ብላ፣ ከታመምክ ከእንግዲህ አትምጣ አለቻቸው። ካንተ ጋር መቀመጥ ይሰለቻል፣ ቅዳሜም ዋና ልጀምር ነው አለቻቸው። አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም። ዓመት ሙሉ ገበር ሲፈቱና ሲሰፉ ከርመው ያገኙት ይኸው ነው፤ ልጅቷ ስታባርራቸው ያለ አስተርጓሚ መስማት። ምራት ሻይ መቅዳቷን ቀጠለች፣ ልጁም ወደ ስልኩ አቀረቀረ።

ጋሽ ሜትር እሺ ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁላት። ግንባሯን ሳሟትና ተነሱ።

ልጁ እስከ በር ሸኛቸው። ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በገዛ ቋንቋቸው «ቶሎ ይሻልህ፣ እወድሃለሁ፣ ነው ያለችህ» ብሎ ተረጎመላቸው።

ጋሽ ሜትር ትክ ብለው አዩት። ድሮም ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ አሁንም ቀልቷል። እንዲህ አሳምረው ያሳደጉት ልጅ እሳቸው እንግሊዝኛ መማራቸውን እንኳ ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

«አዎ፣ እንደሱ ነው ያለችኝ» አሉት።

ልጁ እፎይ አለና በሩን ዘጋው።