በሁለት ጾም መሐል ሾርባ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር

ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ ደግሞ ጉዞ ተብሎ ይጻፋል ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው። ሚኒባሱ ቶሎ ከሞላ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ነገር ግን እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ከቤት እስከ መናኸሪያ ያለውን ብቻ እንደ ባሕር ማዶ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ጉዞ ነው፤ እጽፈዋለሁ።

ያስነሳችኝ ልጄ ዘይነባ ናት። ጂዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች ወዲህ፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ አጃ ቆልታ፣ ከክታ፣ ከድንብላልና ከደረቅ ነጭ ሽንኩርት ጋር አዋህዳ የሾርባ እህል በላስቲክ እያሸገች ትሸጣለች። ግማሽ ኪሎው መቶ ሃያ ብር ነው። ሰፈሩ ይገዛታል፤ ግን አንድ ሰፈር ስንት ሾርባ ይጠጣል? የድሮ አሠሪዋ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለች ነይ ትላታለች። ባለፈው ጁምዓ ዘይነባ ድንብላሏን እየወቀጠች፣ ቀና ሳትል፣ "አባዬ፣ እስከ ዒድ ከሰፈር ውጭ ገዢ ካላገኘሁ ጂዳ እመለሳለሁ" አለችኝ። እኔም ቀና ሳልል እሺ አልኳት። በልቤ ግን እሺ አላልኩም።

በዚህ ንግድ ውስጥ ያለኝን ድርሻ ልንገራችሁ። አጃ እነፋለሁ፤ ማለትም ወንፊት ይዤ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሌላው ውለታዬ ቅቤው ነው። አጃው ሲቆላ በለጋ ቅቤ ይታሽ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ዘይነባ ይቅር ብላ ነበር። የቤታችን ሚስጥር እኮ እሱ ነው ብዬ አፏን አስያዝኳት።

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ሱሁር በልተን እሷ ስትተኛ ሃያ እሽግ በዘንቢል ከተትኩ። የተረፈውን ሾርባ አሙቄ በፔርሙዝ ሞላሁ። የወረቀት ኩባያ ከትናንት ገዝቼ ደብቄ ነበር። ሰው ሳይቀምስ አይገዛም፤ ይህን ያሰብኩት ራሴ ስለሆንኩ ራሴን እያደነቅኩ ወጣሁ።

ሐረጎ ላይ

ረዳቱ ነጭ ኮፍያዬን አይቶ "ሐጂ፣ ከፊት ይግቡ" አለኝ። እስከ ዛሬ የሄድኩበት ሩቅ አገር ሚሌ ነው። ግን የፊት ወንበር ስለተገኘበት አላረምኩትም። ሰባ ብር ከፍዬ ዘንቢሌን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ደሴ ጭጋጓን ለብሳ ቀረች። ሐረጎን በጥምዝምዙ መውረድ ስንጀምር ጆሮዬ ተደፈነ፤ ከኋላ ሰዉ ጃኬቱን ያወልቅ ጀመር። ከጎኔ ነጠላ የለበሰች ደልደል ያለች ሴት ነበረች። ከደሴ ሽንኩርትና ቲማቲም ሸምታ መመለሷ ነው። አፍንጫዋን ወደ ዘንቢሌ አዞረችና "ምን ይዘው ነው አባባ፣ እንዲህ የሚሸተው?" አለችኝ።

ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ነው። ፈጥኜ ኩባያ አውጥቼ ቀዳሁላት። ፈገግ ብላ ሁዳዴ ላይ መሆኗን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም እንደማትቀምስ ነገረችኝ። ወደ ኋላ ዞሬ ለአንዱ ጎልማሳ ዘረጋሁለት። እሱ አንገቱን ደፋ። ሹፌሩ ነው የገላገለው፤ "ጋሼ፣ እርስዎስ ዛሬ አልጾሙም?"

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ጾሜያለሁ እንጂ! ጾመኛው ሰይድና ነጋዴው ሰይድ ግን አንድ አልጋ ላይ እያደሩ አልተነጋገሩም ነበር። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገብተዋል፤ እኔ ደግሞ ከወር ሁሉ መርጬ ቅምሻ ይዤ የወጣሁት ማንም በማይቀምስበት ነው። ሙሉ ኩባያ በእጄ እንደያዝኩ አልጠጣው፣ አልደፋው፤ ወደ ፔርሙዙ ስመልሰው አንዱ ጥምዝምዝ ግማሹን ሱሪዬ ላይ አወረደው።

ሴትዮዋ ሶፍት እያቀበለችኝ ስሟ አስካለ እንደሆነ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎቹ አካባቢ ምግብ ቤት እንዳላት ነገረችኝ። ሽታው ጥሩ ነው፣ ቤቴ ድረስ ይምጡና እናውራ አለችኝ። ሱሪዬ እርጥብ መሆኑን ረሳሁት።

አራት ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

እታች ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ሹራቤን አውልቄ ዘንቢሉ ላይ ጣልኩ። የአስካለ ምግብ ቤት ሰፊ የቆርቆሮ ዳስ ነው፤ ማታ ማታ ከሥራ የሚወጡ ስልሳ ያህል ሠራተኞች ይበሉበታል። ግማሹ ሲያፈጥር ግማሹ የሁዳዴ ምግብ ይጠይቃል። በዚህ ወር ሁለት ድስት መጣድ እንዳሰለቻት ነገረችኝ። ለሁሉም የሚሆን አንድ ሾርባ ካገኘች በየሳምንቱ ትወስዳለች። እሽጉን እያገላበጠች ቆየችና እንደ ዘበት "ቅቤ የለበትም አይደል?" አለችኝ።

እሷ አትቀምስ፣ እኔ አልቀምስ። ኮምቦልቻ ውስጥ ሊመሰክርብኝ የሚችል አንድ ምላስ አልነበረም። የዘይነባ ሻንጣ ዓይኔ ላይ መጣ። የለበትም የምትለው ቃል ጥርሴ ድረስ ደርሳ ነበር። ግን እኔም የጾመ ሰው ነኝ፤ የሠላሳ ሰው ጾም በቅቤ አስፈትቼ ፀሐይ ስትጠልቅ መግሪብ ላይ በየትኛው አፌ ነው ዱዓ የማደርገው?

"አለበት" አልኩ። "ያስጨመርኩትም እኔ ነኝ።"

አስካለ እሽጉን ቀስ አድርጋ ወደ ዘንቢሌ መለሰችው። "እንኳን ነገሩኝ አባባ። ያለ ቅቤ ቢሆን ዛሬውኑ እጥደው ነበር። ነገ የሳምንቱን ከሌላ ሰው እይዛለሁ።"

እዚያው ቆሜ ለዘይነባ መደወል ነበረብኝ። ልጄን ከመጋፈጥ ግን በፀሐይ ሦስት ሱቅ መዞር ቀለለኝ። አንዱ የአዲስ አበባ እሽግ ሞልቶኛል አለኝ። ሁለተኛው ሳልቀምስ አልገዛም፣ ከዒድ በኋላ ይመለሱ አለኝ። ሦስተኛው ሳጥኑ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ቀናሁበትና ሳልቀሰቅሰው ወጣሁ። ከአንድ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁ።

"የት ነህ?" አለች ዘይነባ።

"ኮምቦልቻ።"

ፔርሙዙንም፣ አስካለንም፣ ቅቤውንም በየተራ ነገርኳት። አንቺ ይቅር ስትዪ መስማት ነበረብኝ አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ ለማውጣት ሰባ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

"አባዬ፣ ያለ ቅቤ አለ።"

"ከየት መጥቶ?"

"ሁልጊዜም አለ። አንተ ቀትር ላይ ከዙህር በኋላ ስትተኛ ነው የምቆላው። ሰፈሩ የሚገዛኝ እሱን ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ቅቤ ያለበትን ቆልቼ የማሽገው ለአንተ ነው። ይዘህ የወረድከው እኮ ቀለብህን ነው።"

ዘንቢሉን አየሁት። ሃያ እሽግ ቀለቤን ይዤ በፀሐይ ስለፈልፍ ነው የዋልኩት።

"አስካለ ደጅ ተመልሰህ ጠብቀኝ፤ መጣሁ" አለችና ዘጋችው።

ስምንት ሰዓት፣ ከድስቱ ጎን

ዘይነባ ሁለት ትልልቅ ፌስታል አንጠልጥላ ደረሰች። ሰላምታ ተለዋውጠው ወዲያው ወጥ ቤት ገቡ። እኔ ላግዝ ብል በርጩማ ሰጡኝ። ልጄ እየጾመች በእንፋሎቱ ሽታ ብቻ ጨውና ድንብላል ስትመጥን እያየሁ፣ ለካ እቤት ውስጥ ወንፊት ላይ አፍጥጬ ይህን ሁሉ አላየሁም አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ አስካለ አማትባ በጭልፋ ቀዳች፤ አንዴ ፉት አለች። ዘይነባ ማማሰያውን እንደጨበጠች ቀረች። አስካለ ሠራተኛዋን ጠርታ ትልቁን ድስት ጣጂ አለቻት።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ዳሱ ሞልቶ ነበር። የሚያፈጥረው በተምር ጀመረ፤ ሁሉም ከአንድ ድስት ተቀዳለት። እኔም ጠጣሁ። ቅቤው ሲቀር ድንብላሉ ከነነፍሱ አለ። ዘይነባ እያየችኝ ስለነበር ጨው አንሶታል አልኩ። ሁለተኛ ሳህን የጠየቅኩት ጨዉን ለማረጋገጥ ነው። ሦስተኛውን ግን ምክንያት አላገኘሁለትም።

ድስቱ ተጠረገ። አስካለ በየሳምንቱ ሠላሳ ኪሎ አለች። ዘይነባ እጇን እያደረቀች "ከዒድ በኋላስ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ከዒድ በኋላ ሠራተኛ አይርበውም እንዴ?" አለች አስካለ።

ወደ ቤት

ሐረጎን ስንወጣ ሰው ሁሉ ጃኬቱን መልሶ ለበሰ። መንገድ ላይ የዘይነባ ስልክ ጮኸ፤ አሠሪዋ ናት። ልጄ በዐረብኛ ብዙ አወራች። እኔ ከሶላት ያለፈ ዐረብኛ የለኝም። የገባችኝ አንዲት ቃል "ላ"፣ ማለትም አይሆንም፣ ብቻ ነበረች። ሦስት ጊዜ አለቻት። ሦስቱንም ቆጥሬያለሁ።

ጉዞው ምን አስተማረህ ለምትሉኝ፣ የምወደውን ይዤ ከመውጣቴ በፊት ገዢው የሚችለውን መጠየቅ ነበረብኝ። ከዚያም በፊት ጓዳዬ ውስጥ ያለችውን ነጋዴ መጠየቅ ነበረብኝ። ሥራዋን ስትሠራ እኔ ተኝቼ ነበር።

ቤት ገብተን ሃያውን እሽግ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ዘይነባ እስክሪብቶ አንስታ በየእሽጉ "ቅቤ ያለበት" ብላ ጻፈችበት። ዋጋው ስንት ነው አልኳት።

"መቶ ሃያ።"

"ለአባትሽም?"

"የሚገዛኝ አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ቅናሽ አያዋጣኝም።"

ወንፊቱን ከተሰቀለበት አውርጄ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሠላሳ ኪሎ የሚነፋ አጃ አለብን፤ ነገ ከዙህር በኋላ እንቅልፍ የለም።