የኩሽናው ክርፋት

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «አፍንጫ» ነው የሚለው። ሙያው ግንበኝነት ነበር፤ መሰላል መውጣት ሲከብደው ግን ቤት ሊገዙ ላሰቡ ሰዎች ቤት ማየት ጀመረ። በሩ ሲከፈትለት ገና ደፉ ላይ ይቆምና አየሩን ሁለቴ ሳብ ሳብ ያደርጋል። ከዚያ ፊቱን ቅጭም ያደርገዋል። «እዚህ ግድግዳ ውስጥ ቱቦ ፈንድቷል፤ እዚያ ኮርኒስ ውስጥ አይጥ ሞቷል» ይላል። ይፈረፈራል፤ እውነት ሆኖ ይገኛል።

እንደ እሱ ያለ ተጸያፊ ደግሞ አይቼ አላውቅም። ሰው ቤት ውሃ አይጠጣም። የጨበጡትን እጁን በመሐረብ ይጠርጋል፣ ያውም ሰውዬው እያየው። ታላቅ እህቱ የሆነችው እናቴ «ያሳደግኩህ እኔ ነኝና ሰው የሚታዘበው እኔን ነው» እያለች ስትቆጣው ኖራለች። እኔም እሱን ነው የወጣሁት፤ አልደብቅም። ወጣት ሳለ ሥራ በጨረሰበት ቤት ደጃፍ ላይ ከስብርባሪ ሴራሚክ አንዲት ወፍ ሠርቶ ሲሚንቶው ውስጥ ይተክል ነበር። የራሱ ቤት ደጃፍ ላይም አለች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት «በሥራዬ ባፍር ምልክት እተው ነበር?» ይላል።

ቤት ፍለጋ የጀመርነው በእናቴ ጉልበት ምክንያት ነው። የምንኖረው አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ መሬት ሳትረግጥ ስምንት ወር አለፋት። መስኮት ሥር ቁጭ ብላ የመንገደኛ ጫማ ስትቆጥር ትውላለች። «ልጄ፣ ሳልሞት አንድ ቀን አፈር ልርገጥ» ስትለኝ አንጀቴን በላችው። ደረጃ የሌለው ቤት ከከተማው ዳር ካሉት አሮጌ ሰፈሮች በቀር አቅማችን አይችልም። አጎቴን ይዤ ወጣሁ። እሱ ግዢ ሲለኝ ልገዛ፣ ተይ ሲለኝ ልተው ለእናቴ ቃል ገብቼላት ነበር።

ሰው ግን እንዴት ነው የሚኖረው? የመጀመሪያው ቤት ግድግዳ በትናንት ቀለም ያብረቀርቃል፤ ቁም ሣጥኑን ገፋ ስናደርገው ሻጋታው ጸጉር አብቅሎ ጠበቀን። የሁለተኛው መታጠቢያ ቤት ፍሳሽ በማን እንደሆነ በማይታወቅ ጸጉርና የሳሙና እድፍ ተደፍኗል። ሦስተኛው ቤት ምድጃው ላይ የተጋገረው ስብ በቢላ ካልሆነ አይነሳም፤ ከኋላው የበረሮው መንጋ ፈሰሰ። ደላላችን ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰው ነው፤ ለሁሉም «ትንሽ እድሳት ነው የሚፈልገው» የምትል አንዲት መልስ አለችው። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ! ማታ ቤቴ ገብቼ እጄን ሦስት ጊዜ ብታጠብም እሬት እሬት ይለኝ ነበር። አምስት ቤት አይተን አምስቱንም አጎቴ በመሐረቡ ሥር «ይቅር» አለ።

ስድስተኛውን ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ናት የምትሸጠው። በስድሳዎቹ መጨረሻ የምትገኝ፣ ቀጭን፣ ነጠላ ጫማዋ እንኳ የታጠበ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ደረጃ የለውም። አጎቴ ግንቡን በቱንቢ ለካ፣ ጣራው ላይ ወጣ፣ መሠረቱን ዞሮ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ሲፈታ አየሁት።

«ይሄ ሰፈር እንዲህ ሳይጠቀጠቅ በፊት ሠርቼበታለሁ» አለኝ። «ያኔ ሜዳ ነበር። ቤቱ ጤነኛ ነው፤ ለእናትሽ ይሆናል።»

ሳሎን ስንገባ ግን መጣ። ከላይ በረኪናና የሎሚ ሽቶ፣ ከሥሩ ደግሞ ሆድ የሚገለብጥ፣ ያረጀ፣ የሞቀ ክርፋት። ምላስ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት። ዘወር ብዬ ደላላውን «ሴትዮዋ ቤቷን አታጥብም እንዴ? ምን ዓይነት ቆሻሻ ናት!» አልኩት። ቀስ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ለካ ከኋላዬ ናት። እጆቿን ከሻርፗ ሥር ደበቀቻቸው።

«ከኩሽናው ነው» አለና አጎቴ ቀደመን። የኩሽናው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ግን ድርቅ ብሎ ቀረ። አጮልቄ አየሁ። ደፉ ላይ አንድ ክንፏ ሰማያዊ የሆነ የሴራሚክ ወፍ አለች።

«አጎቴ፣ ወፍህ! አንተ ነህ እንዴ የሠራኸው?» ደስ አለኝ። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ከእሱ በላይ ከየት ይገኛል?

አጎቴ ወደ ውስጥ አልገባም። አየሩንም ሳብ አላደረገም። «ይቅር» አለ ድንገት። «እንሂድ። ሌላ ቤት አይጠፋም።»

«አሁን ጤነኛ ነው አላልክም? ምን አገኘህበት?»

«ይቅር አልኩ እኮ!»

የእናቴ ጉልበት ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። «ለእህትህ ምን ልበላት? ምክንያት ስጠኝና ልሂድ።»

ይሄኔ ሴትዮዋ መሐል ገባች። «ሽታው ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ዛሬ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። እንግዳ ይመጣል ሲሉኝ ከንጋት ጀምሬ ሳጥብ ነበር። ስንት ቧንቧ ሠሪ አስጠርተናል፤ ሁሉም የጓሮውን ጉድጓድ አይቶ ምንም የለውም ይላል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ምሳውን መስኮት ከፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር የሚበላው። የልጄ ሚስት እዚህ ልጆቼን አላመጣም ካለች አራት ዓመቷ። እኔም ምን ላድርግ... ከእኔ ይሆናል ብዬ ገላዬን ሁሉ በበረኪና የታጠብኩበት ጊዜ አለ።»

እጇ ከሻርፑ ወጥቶ ነበር። ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው፣ ቆዳው እንደ ወረቀት ተልጦ አየሁት። ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

አጎቴ መሐረቡን አወጣ። አፍንጫውን ሊሸፍን መስሎኝ ነበር፤ ዓይኑን ጠረገበት።

«እትዬ፣ ይሄ ኩሽና ከመሠራቱ በፊት እዚህ ምን ነበር?»

«የድሮው ሽንት ቤት። ጓሮ አዲስ ስናስቆፍር ይሄኛውን አስደፈንነውና ኩሽናውን በላዩ አሠራን። ግንበኛው ጠርጌ፣ ድንጋይና አፈር ሞልቼዋለሁ ብሎናል።»

«ዋሽቷችሁ ነው። አልጠረገውም። ጎንበስ ብሎ አየውና ተጸየፈ። ትሉ ይርመሰመስ ነበር። የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ እሱ ግን ባለቤትዎ ሥራ ሲውሉ በላዩ አርማታ ጥሎ በግማሽ ቀን ጨረሰ። የእቃ ማጠቢያውንና የወለሉን ፍሳሽ እንኳ ወደ ጉድጓዱ ከሚወርደው አሮጌ ቱቦ ጋር አገናኝቶ ሄደ። እርስዎ የሚያጥቡበት ውሃ ሁሉ እዚያው ነው የሚወርደው። ባጠቡ ቁጥር ይቀልቡታል።»

ደላላው ሳቅ አለ። «ኧረ ጋሼ፣ አፍንጫዎት ይሄን ሁሉ ነገረዎት?»

«አፍንጫዬ አይደለም» አለ አጎቴ። «አስታውሼው ነው። ግንበኛው እኔ ነኝ።»

አጎቴ ሲያፍር አይቼ አላውቅም ነበር። ስንቱን ቤት፣ ስንቱን ባለቤት በመሐረቡ ሥር ሲጸየፍ የኖረ ሰው፣ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ወፏ ላይ ቆሟል። ተጸየፍኩት። ሴትዮዋን ቆሻሻ ማለቴም ትዝ አለኝና ራሴን ጨምሬ ተጸየፍኩ።

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ፊቱን ስታጠና ቆየች። «ያ ውሃ ስሰጠው አልጠጣም ያለኝ ልጅ ነህ?»

አንገቱን ደፋ።

«ብርጭቆውን አጥቤው ነበር እኮ» አለችው። ድምጿ አልተቆጣም፤ አለመቆጣቷ ነው ያቃጠለኝ። ቀጥላ «ክፈተው፤ ልየው» አለች።

ከመኪናው መዶሻና መሮ አምጥቶ ማጠቢያው ሥር ያለውን ወለል መስበር ጀመረ። መሐረቡን አላወጣም። ሲሚንቶው ሲከፈት የወጣውን ግማት በምን ቃል ልናገር? ጥቁር፣ ስብ የረጋበት፣ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ነገር ነው። ደላላው አፉን ይዞ ውጭ ሮጠ። እኔ ግቢው ውስጥ አስመለሰኝ። ስመለስ አጎቴ ሸሚዙን አውልቆ፣ እጁ እስከ ክርኑ ተጨማልቆ ተንበርክኳል።

«እትዬ፣ በገዛ እጄ ነው የምጠርገው። በባልዲ። እስክጨርስ ቤቱን ማንም አይገዛዎትም» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ለእናትሽ ይሄን ግዢላት፤ ግን እኔ ከዚህ ጉድጓድ ከወጣሁ በኋላ።»

«እንገዛዋለን» አልኩ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሬ «እማማ፣ ቅድም ስላልኩት...» ስል በእጇ ዝም በይ አለችኝ። እየሰማችኝ አልነበረም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ፣ አፍንጫዋን ሳትይዝ፣ ወደ ታች ታያለች። የጠፋባትን ነገር ያገኘች ሴት ትመስል ነበር።

ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ቁጥሩን በተሰነጣጠቀ ጣቷ አንድ በአንድ ነካችው።

«ሄሎ... አይ፣ ልጄን አይደለም፤ አንቺን ነው የፈለግኩት። ልጆቹን ይዘሽ ነይ። አዎ፣ አሁን። ይሸታል፣ አውቃለሁ፤ ዛሬ ከመቼውም በላይ ይሸታል። ነይና በዓይንሽ እዪው።» ድምጿ እዚህ ላይ ተሰበረ። «እኔ አልነበርኩም።»