ጋሼ ታደሰ የከፈሉብኝ ምሳ

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ተጋብዤ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

እውነቴን ነው... ክትፎው የሚጣፍጥ፣ የጋበዙኝም የማከብራቸው ሰው ናቸው። ግን ደሜ ፈልቶ ጠረጴዛውን ልገለብጠው ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከክሬዲት ካርድ ነው። ባለቤቴ ቤቲ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። እናቷ መጥተው ሊያርሷት ቪዛ አግኝተዋል፤ የጎደለው ትኬት ብቻ ነው። እኔ ኤርፖርት ሻንጣ እጭናለሁ፣ ኢኮኖሚው እንዲህ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ሰዓት ቀንሰውብናል።

የፖስታ ሳጥናችን ግን በየቀኑ «ይህን ካርድ ውሰድ» በሚል ወረቀት ይሞላል። አንዱ ወለዱ ዝቅተኛ ነው፣ አንዱ ካሽ ባክ ብሎ ካወጣኸው ላይ ጥቂት ይመልስልሃል፣ አንዱ በትኬት የሚመነዘር የአውሮፕላን ማይል ያጠራቅማል። ቤቲ «እኛ ብራችን የሚያልቀው በአስቤዛና በነዳጅ ነው፣ ካሽ ባኩ ይሻለናል» አለች። እኔ አውሮፕላን የተሳለበትን መረጥኩ። በሦስት ወር ውስጥ የተባለውን ያህል ካወጣህበት ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ የሚበቃ ማይል በቦነስ ይሰጥሃል ይላል። ትኬቱን በዚያው ካርድ እንዳልገዛው፣ የፈቀዱልኝ ሊሚት የዋጋውን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም።

ሦስት ወሩ የሚያልቀው ትናንት ነበር። ሁለት መቶ ዶላር ገደማ ይጎድለኛል።

ሶ... ቅዳሜ ለጓደኞቼ ሁሉ ደወልኩ። «ነገ ምሳ አብረን እንብላ። ካሽ ይዛችሁ ኑ፣ እኔ ሒሳቡን በካርዴ እከፍልና እናንተ ካሹን ትሰጡኛላችሁ።» ሁሉም እሺ አሉ።

ለጋሼ ታደሰ ብቻ አልነገርኳቸውም። ጋሼ ዳላስ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ አብዛኞቻችንን ስንመጣ ኤርፖርት የተቀበሉን ሰው ናቸው። እሳቸውን «ካሽ ይዘው ይምጡ» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘናቸውና እንዲሁ ይዘናቸው ወደ ሐበሻ ምግብ ቤቱ ሄድን።

እኔ ምግቡን አስጨምራለሁ። «ኧረ ብሉ! ሌላ ክትፎ ይምጣ!» ጓደኛዬ ሳሚ «ዛሬ ይሄ ልጅ ምን ነካው?» እያለ ይስቃል። መሐል ላይ ጋሼ «እጄን ታጥቤ ልምጣ» ብለው ተነሡ። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ... የሐበሻ ሽማግሌ ምግብ ሳያልቅ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ?

በልተን ስንጨርስ ካርዴን አውጥቼ የቤቱን ባለቤት ሰናይትን ጠራኋት።

«ሒሳቡ ተከፍሏል» አለችኝ።

«ማን ከፈለ?»

«ጋሼ ናቸዋ! በካሽ።»

ጠረጴዛው ምርቃት በምርቃት ሆነ። እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜ ይስጥልን... እኔ ካርዴን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሰው ቢሰድበኝ መልስ አለኝ። የጋበዘኝን ሰው ምን ብዬ ልጣላው?

ሰናይትን ተከትዬ ካሽ መቀበያው ጋ ሄድኩ።

«በናትሽ ብራቸውን መልሺላቸውና በእኔ ካርድ አድርጊው።»

«አሞሃል እንዴ? ምለው ነው የከፈሉት። ብመልስላቸው ሁለተኛ እዚህ ቤት አይገቡም።»

«ሰናይት፣ ዛሬ ካልሆነ አይሆንም እኮ ነው የምልሽ!»

ለካ ጮኼ ኖሯል። ዘወር ስል ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

ሁሉንም ዘረገፍኩት። ካርዱን፣ ማይሉን፣ የቤቲን መውለጃ መቃረብ፣ አማቴን... ስጨርስ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ወንድ ልጅ ምሳ ስለተከፈለለት ሲያለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም?»

«ነውር ይሆናል ብዬ ነው ጋሼ።»

«ነውሩስ የሰው ግብዣ ማስመለስ ነው!» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ወደ ሰናይት ዞሩ። «በይ የሳምንት ሥጋዬን መዝኚልኝ፣ እንጀራም ጨምሪበት። በዚህ ልጅ ካርድ!»

ቤቱ በአንድ በኩል ሥጋና በርበሬ ይሸጣል። ሳሚም ተነሣ፣ ሌሎቹም ተሰለፉ። አንዱ ሽሮ፣ አንዱ የጥብስ ሥጋ... ማሽኑ ካርዴን ተቀበለ፣ ካሹም እጄ ገባ። ሞላልኝ! ወደ ቤቴ ወደ ኧርቪንግ ስመለስ መኪና ውስጥ ብቻዬን እየዘፈንኩ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቤቲን አጠገቤ አስቀምጬ ካርድ ድርጅቱ ጋ ኮል አደረግኩ፣ በስፒከር። ልጅቷ እንኳን ደስ አለህ፣ ቦነሱን አግኝተሃል አለችኝ። ማይሉ መቼ ይገባል ስላት...

«የሚቀጥለው የሒሳብ ወር ከተዘጋ በኋላ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ባለው ጊዜ።»

ሲደመር ሦስት ወር ገደማ! ምጥ ይህን ያህል ይጠብቃል እንዴ? ጮህኩ፣ አለቃዋን አገናኚኝ አልኩ፣ አለቃዋም ያንኑ ደገመልኝ። ውሉ ላይ ተጽፏል አሉኝ። አዎ ተጽፏል... ጉንዳን በማታነበው ፊደል።

ቤቲ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያበጠ እግሯን እያሻሸች «ሶ... ስወልድ እማዬ የለችም ማለት ነው?» አለችኝ። «ይመጣሉ... ትንሽ ይዘገያሉ እንጂ» አልኳት።

ሐኪሙ ጾታውን ልንገራችሁ ሲለን እምቢ ብለነዋል። አሁን ቁጭ ብለን ስናሰላው፣ ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፣ አማቴ አይደርሱም። ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን አላት፣ ለክርስትናዋ ለጥቂት ይደርሳሉ።

ስለዚህ «ወንድም ይሁን ሴት፣ ብቻ በሰላም ትገላገል» እያላችሁ የምትመርቁን ወዳጆቼ... እባካችሁ ሴት ትሁን በሉልኝ፤ እኔ የመረጥኩት ካርድ ለወንድ ልጅ አያት አያደርስም።